ያለ ቁርባን፣ ያለ ኒካህ፦ በሰሜን ሸዋ ቆላ የተፈጸመ የአንድ ጋብቻ ጉዳይ ጥናት

ዳራ

ጉዳዩ የደረሰው በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን ወርዶ ወደ ደሴ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ ነው። የወረዳው፣ የቀበሌውና የባለጉዳዮቹ ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ ሰውን ሊያስለዩ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችም ተለውጠዋል።

አካባቢው ክርስቲያንና ሙስሊም አጥር ለአጥር የሚኖርበት ነው። ማሾና ሽንኩርት የእኩል ያርሳሉ፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አብረው ይውላሉ፤ ሰው ሲሞትም ሁለቱም ወገን ድንኳን ይተክላል። ሥጋ ግን ለየብቻ ነው፣ ጋብቻም እንዲሁ።

ወንዱ 29 ዓመቱ፣ ሙስሊም፣ ሽንኩርት እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። ሴቷ 24 ዓመቷ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ ወላጆቿ ካሉበት ገጠር ቀበሌ ወጥታ በከተማው አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን መቀየር አልፈለጉም። አንዱ ቢቀይር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ሳምንት ባለቀ ነበር፤ ለመጻፍም ባላስፈለገ።

ችግሩ

የልጅቷ የንስሐ አባት መልስ አጭር ነበር፦ ተክሊልም ሆነ ቁርባን የሚፈጸመው በተጠመቁ ሰዎች መካከል ነው፤ እሱ ካልተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው ነገር የለም። በሙስሊሙ በኩል የተጠየቁት ሼህ የሰጡት መልስ ግን ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ሆነ። የቁርኣን ሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ ለሙስሊም ወንድ የመጽሐፍ ባለቤት የሆነችን፣ ማለትም ክርስቲያን ወይም አይሁድ ሴት እንዲያገባ እንደሚፈቅድና ልጅቷ የግድ መስለም እንደሌለባት አስረዱ። ይሁን እንጂ መህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ጥሎሽ)፣ ሁለት ምስክርና ወሊይ (ሙሽራዋን የሚድር ወላጅ ወይም ዘመድ) ያስፈልጋል። ወሊይዋ አባቷ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ስሙንም ሊሰሙ አልፈለጉም። ጎረቤቱም ቢሆን የሼሁን መልስ አልተቀበለውም። በአገሬው ዘንድ «እስላም አገባች» ማለት «ሰለመች» ማለት ነው፤ ኪታቡ የሚለው ሌላ፣ ሰፈሩ የሚለው ሌላ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስቸገረው ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ነበር። ሁለቱም ወጣቶች፣ ወላጆቻቸውም፣ ሽማግሌዎቹም «ቄስ ወይም ሼህ ካላጋባው ጋብቻ አይባልም» ብለው ያምኑ ነበር። ሸዋ እንዲህ ማለቱ ሲታሰብ የሚገርም ነው። የሸዋ ክርስቲያን ገበሬ ለዘመናት ትዳር የሚይዘው በአብዛኛው በሰማንያ ነበር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ የየወገኑ ከብትና ንብረት ተቆጥሮ። ቁርባኑ ለካህናትና ለጥቂቶች ነበር፤ ሌላው የሚቆርበው ከሸመገለ በኋላ ነው። ያለ ቤተ ክርስቲያን የተያዘ ትዳር ለአገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በሕግ ያለው ሁኔታ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ደግሞ ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የማግባት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ሦስት ዓይነት የጋብቻ አፈጻጸም ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም (ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘግበው ባለሥልጣን) ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሦስቱ በውጤት እኩል ናቸው። ጋብቻን በዋናነት የሚከለክሉት ዕድሜ ከ18 በታች መሆን፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ የጸና ሌላ ጋብቻ፣ በፍርድ መከልከልና የፈቃድ ጉድለት ናቸው። የሃይማኖት ልዩነት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሽምግልና (አልሠራም)

ወጣቶቹ መጀመሪያ የሞከሩት አገሩ የሚያውቀውን መንገድ ነው። ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሽማግሌ ተመርጦ ወደ ልጅቷ አባት ሄደ፤ የታሰበውም ሰማንያ ነበር። የአካባቢው ባህል እንደ ጋብቻ የሚቀበለው ሥርዓት እስከሆነ ድረስ ሕጉም ይቀበለዋል።

ሽምግልናው የከሸፈው በሐሳቡ መጥፎነት አይደለም። ሽማግሌዎቹ የሄዱት ለአንድ ተዝካር ብዙ ዘመድ በተሰበሰበበት ዕለት ነው፤ «ሰው ባለበት እምቢ አይሉም» ብለው። የሆነው ተቃራኒው ነው። አባትየው በዘመድ ፊት «እስላም ቤት ከገባች ልጄ አይደለችም፣ በማርያም!» ብለው ማሉ። ሰው በጓዳ የተናገረውን ማታ ሊያነሣው ይችላል፤ በአደባባይ የማለውን ግን ለመመለስ ንስሐም ሽማግሌም ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ለወራት ያህል ማንም አባትየውን ማነጋገር አልቻለም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ሰውየውን ብቻውን ማግኘት አለባቸው፤ ቢቻል እናትየው አስቀድማ ሰምታ፣ እንግዳ በሌለበት፣ በምሽት። መሐላ እየመጣ መሆኑን ካዩም ወሬውን ቆርጠው መነሣት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ቀበሌ

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ጋብቻ ለመፈጸም የተጠየቁት ሰነዶች የተለመዱት ናቸው፦ የሁለቱም የነዋሪነት መታወቂያ፣ የዕድሜ ማስረጃ፣ ያላገቡ መሆናቸውን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ወገን መታወቂያ የያዙ ሁለት ሁለት ምስክሮች። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ሦስት ቦታ ላይ ተሰናክሏል።

አንደኛው የያላገባ ደብዳቤው ነው። የልጅቷ የትውልድ ቀበሌ «አባትሽ ይምጣና ይናገር» አላት። አባት መቅረብ አለበት የሚል ሕግ የለም፤ የ24 ዓመት ሴት ናት። በዚያ ላይ መከራከር ግን ጊዜ ይፈጅ ስለነበር ሌላ መንገድ ተወሰደ። ጋብቻ ከተጋቢዎቹ አንዱ ቢያንስ ስድስት ወር በኖረበት ቦታ ሊፈጸም ይችላል። እሷ ከተማው ውስጥ ተከራይታ ከሁለት ዓመት በላይ ኖራለች፣ የከተማው ቀበሌ መታወቂያም አላት። ስለዚህ ደብዳቤውም ማመልከቻውም በዚያው በከተማው ቀበሌ በኩል አለቀ። መታወቂያዋን ሳታወጣ ከሰው ቤት ተጠግታ ቆይታ ቢሆን ይህ በር ዝግ ነበር።

ሁለተኛው መሰናክል የመዝገብ ሹሙ «ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደብዳቤ አምጡ» ማለቱ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ነገ በሰፈሩ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ፈርቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢው ከደረሰበት ውድመት ወዲህ በዚያ መስመር ያለ ባለሥልጣን የሁለት ቤተሰብ ጠብ የሰፈር ጠብ እንዳይሆን ይሰጋል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ወጣቶቹ መጀመሪያ በቃል ተከራከሩ፤ የቃል ክርክር በቃል ተመለሰ። ነገሩን የለወጠው አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። «ጋብቻችሁን አልፈጽምም የተባልንበት ምክንያትና የተመሠረተበት የሕግ አንቀጽ በጽሑፍ ይሰጠን» ይላል፤ ሁለት ቅጂ ሆኖ፣ አንዱ ገቢ ተደርጎ፣ በሌላው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተመትቶበት። ሹሙ በጽሑፍ የሚጠቅሰው አንቀጽ ስላጣ ጉዳዩን ወደ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መራው። ወረዳው የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱን አስተያየት ጠይቆ የሃይማኖት ደብዳቤ እንደማያስፈልግ ጻፈ። ሹሙም እፎይ አለ፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሱ አልነበረም።

ሦስተኛው የአባትየው መቃወሚያ ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ወሬው ደረሳቸውና «ልጄን አታሎ ጠልፎብኛል» የሚል ጽሑፍ አስገቡ፤ ለፖሊስም አመለከቱ። ወላጅ መቃወሚያ የማቅረብ መብት አለው፤ መቃወም የሚችለው ግን እንደ ዕድሜ ወይም ዝምድና ባሉ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። ለጠለፋው ክስ መልስ የሰጠችው ልጅቷ ራሷ ናት። ከእጮኛዋ ጋር ሳይሆን ከአሠሪዋ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ በፈቃዷ መሆኑን ቃል ሰጠች። አብሯት የሄደው ሰው ማንነት ለውጥ አምጥቷል፤ ተጠርጣሪው አጠገቧ ቆሞ የምትሰጠውን ቃል መርማሪ በሙሉ ልብ አይቀበለውም።

ጋብቻው በቀበሌው ቢሮ ተፈጸመ፣ ተመዘገበም፤ ምስክር ወረቀቱም ተሰጠ።

ድግሱ

ሕጉ ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የጀመረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀኑ ከሁለቱም አጽዋማት ውጭ መሆን ነበረበት፦ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ዐቢይ ጾም አይሆንም፣ ረመዳን አይሆንም። ቅዳሜ ተመረጠ። ለክርስቲያኑ አራት በግ በክርስቲያን፣ ለሙስሊሙ አምስት ፍየል በሙስሊም ታረደ። ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ ከየወገኑ ቤት መጣ። ድንኳኑ አንድ፣ ማብሰያው ሁለት። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹና ጎመኑ የጋራ ሆኑ። ጠላ በአንደኛው በኩል፣ ቃሪቦ በሌላኛው፣ ለስላሳ በሁለቱም ቀረበ።

ስህተት የተፈጠረው የጋራ በተባለው ምግብ ነው። አንዲት አሳላፊ ከክርስቲያኑ የሥጋ ወጥ ያወጣችበትን ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ከተተችው። አየንሽ ተባለ፤ ያ ድስት እስከ ማታ ሳይነካ ዋለ። የጋራ ምግብ ካለ የራሱ ድስት፣ የራሱ ጭልፋና የራሱ አሳላፊ ሊኖረው ይገባል፤ ከሁለቱም የሥጋ ማብሰያዎች ርቆ በሦስተኛ ቦታ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ሙሽሮቹን በሞተርና በመኪና ጡሩንባ ማጀብ ግን ሆን ተብሎ ቀርቷል። ሠርጉ «እኛ ወሰድናት» ወይም «እኛ አገኘነው» የሚባልበት እንዳይሆን በዝምታ መደረጉ ትክክል ነበር።

ውልና ኑዛዜ

ተጋቢዎቹ ከምዝገባው በፊት የጋብቻ ውል በጽሑፍ አድርገዋል፤ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ፈርሞበታል። የያዙት የግል ንብረት ተዘርዝሯል፤ ወደፊት የሚያፈሩት የጋራ እንደሆነ ተጽፏል። ክርክር ቢነሣ የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት እንደሆነም ሰፍሯል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ይመስላል፤ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ነገር ግን ስለ ፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በወጣው አዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ መጥሪያን መተው ራሱ ፈቃድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መጥሪያ የደረሳት ሚስት ቀርባ «አልስማማም» ማለት አለባት።

ኑዛዜው የበለጠ ያስፈልግ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ የሚያገኙት ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ነው። በእስልምና የውርስ ሕግ ደግሞ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረሱም። ልጆች ባይወለዱ የባልየው ቤት ወደ ወላጆቹ፣ እነሱ ከሌሉም ወደ ወንድሞቹና እህቶቹ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም በአራት ምስክሮች ፊት ግልጽ ኑዛዜ አደረጉ። የመቃብራቸውን ቦታም በዚያው አሰፈሩ፦ እሷ በቤተ ክርስቲያን፣ እሱ በሙስሊም መቃብር። ሁለቱም በየራሳቸው ወገን እድር እንዲቆዩ መደረጉም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሬሳ የሚያነሣው ጋብቻውን የመዘገበው ሹም አይደለም።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ምዝገባውን አስቀድሞ ሽምግልናውን ማስከተል ነው። ልማዱ ተቃራኒው ነው፤ በአብዛኛው ጉዳይም ልማዱ ልክ ነው። እዚህ ግን አባትየው ምለዋል፤ ጋብቻ እንዲፈቅዱ መጠየቅ መሐላቸውን እንዲያፈርሱ መጠየቅ ነበር። ጋብቻው ካለፈ በኋላ የተላኩት ሽማግሌዎች «ፍቀዱ» አላሉም፤ «ታረቁ» ነው ያሉት። ለእርቅ መሐላ ማፍረስ አያስፈልግም። እናትየው ልጃቸውን መጠየቅ ጀመሩ፤ ቆይተው አባትየውም ሰላምታዋን መለሱ። ቤቷ ግን እስካሁን አልረገጡም።

ያልሠራው የልጅ ነገር ነው። ተጋቢዎቹ ስለሚወለደው ልጅ ሃይማኖት በቃል ተስማምተው ነበር፤ «ሲያድግ ይመርጣል» ብለው። ሴት ልጅ ስትወለድ የቃሉ ስምምነት አንድ ሳምንት አልቆየም። በአንድ በኩል የ80 ቀን ጥምቀት እየተቆጠረ፣ በሌላው በኩል «ልጅ የአባቱ ነው» እየተባለ፣ ሁለቱም አያቶች በሁለት ስም ይጠሯታል። ሁለቱም ወላጆች በልጃቸው ላይ እኩል ሥልጣን ስላላቸው ሕጉ ለአንዳቸው አያደላም። ይህ ነጥብ በጋብቻ ውሉ ላይ ቢጻፍም በፍርድ የሚያስገድድ አይሆንም ነበር፤ ቢሆንም በሁለቱም ቤተሰብ ሽማግሌዎች ፊት ከመጋባታቸው በፊት ቢነገር ኖሮ የልጅቷ መወለድ ሰላም ይሆን ነበር። በዚህ ዓይነት ጋብቻ አስቀድሞ መነጋገር ያለበት ከድግሱም ከንብረቱም በፊት ይህ ነው።

ጋብቻን ሃይማኖት ቢይዘውስ?

ይህ ጉዳይ በተነሣበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ጋብቻን የሚያስተዳድረው ሃይማኖት ቢሆን ኖሮስ? ከዚያም በወጣቶች ዘንድ ሌላ ይቀጥላል፤ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ።

ለመጀመሪያው መልስ ሊባኖስና እስራኤል አሉ። በሁለቱም የጋብቻ ሕግ በየሃይማኖቱ ተቋም እጅ ነው። የእኛዎቹ ዓይነት ጥንዶች እዚያ ቢሆኑ ወደ ቆጵሮስ በርረው ተጋብተው የውጭውን ወረቀት ይዘው ይመለሱ ነበር፤ ብዙዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የእስራኤል ነገር ለሁለተኛው ጥያቄም ይጠቅማል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተጋቡ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች በሕዝብ መዝገብ እንዲመዘገቡ ወስኗል። በአገር ውስጥ ግን የሚያጋባቸው ተቋም እስካሁን የለም። ራቢዎቹ (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች) ሥርዓቱን ያዙ፣ መዝገቡን ግን የያዘው መንግሥት ነው፤ ክፍተቱ የተገኘው በሁለቱ መካከል ነው።

«ሃይማኖታዊ መንግሥት» ሲባል ሁሉን አንድ ማድረግም አያዋጣም። ዴንማርክ በሕገ መንግሥቷ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን የምትደግፍ አገር ናት፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ይጋባሉ፣ ያልፈለገ ቄስ ግን አይገደድም። የማልታ ሕገ መንግሥት የካቶሊክን ሃይማኖት የአገሪቱ ሃይማኖት ይለዋል፤ እስከ 2011 ፍቺ እንኳ ያልፈቀደችው ማልታ በ2017 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቀደች። እንግሊዝ በ2013 ስትፈቅድ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንዳታጋባ በዚያው ሕግ ከለከለች። ኢራን ደግሞ ሕጓን ከሃይማኖት ሕግ ቀድታ ድርጊቱን እስከ ሞት ትቀጣበታለች። ኢትዮጵያ መንግሥታዊ ሃይማኖት የላትም፤ ሆኖም በ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት በእስራት ያስቀጣል።

ስለዚህ ለሰሜን ሸዋዎቹ ጥንዶች የተከፈተው የቀበሌ በር ለዚህኛው ጥያቄ አያገለግልም። በሩን የከፈተው አንቀጽ 34 «ወንዶችና ሴቶች» ብሎ ነው የሚናገረው፤ ልዩነት አይደረግም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥም ሃይማኖት አለ፣ ጾታ የለም። የዘጋው የቄሱ ወይም የሼሁ ቃል ሳይሆን በፓርላማ የጸደቀ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የየክልሉን የቤተሰብ ሕግ የሚያወጡት የክልል ምክር ቤቶች፣ የወንጀል ሕጉን ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ናቸው፤ የመዝገብ ሹሙም ዞሮ ዞሮ የሚፈልገው የእነሱን አንቀጽ ነው።